ብይዋ መንገድ የምትስትበት ቦታ፦ የብይ ማማ እንቆቅልሾች ክብደት ከየት ይመጣል?

«ግራቪቲ ሜዝ» የተባለው የልጆችና የቤተሰብ እንቆቅልሽ ሳጥን ሲከፈት የሚገኘው ዕቃ ብዙ አይደለም። 16 ካሬዎች ያሉት አንድ ሰሌዳ፣ 9 ብርሃን የሚያሳልፉ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ማማዎች፣ አንድ የመድረሻ ቁራጭ፣ 3 ትናንሽ ብዮችና 60 ካርዶች ብቻ ናቸው። የአሜሪካው ቲንክፈን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው ይህ ጨዋታ የተዘጋጀው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ልጆች ነው ቢባልም፣ የመጨረሻዎቹን ካርዶች የያዘ ወላጅ ልጁ ከተኛ በኋላም ሰሌዳው ላይ እንደተጎነበሰ ቢያመሽ አያስገርምም። ይህን ያህል ጥቂት ዕቃና ይህን ያህል ቀላል ሕግ ያለው ጨዋታ ክብደቱን የሚያገኘው ከየት ነው? የጸሐፊው መልስ አጭር ነው፤ ክብደቱ የሚመጣው ከማማዎቹ ብዛት ሳይሆን፣ ስህተቱ በተሠራበት ቦታና ስህተቱ በሚታወቅበት ቦታ መካከል ካለው ርቀት ነው። ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ግን ጥቂት ቁጥርና አንድ ምሳሌ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። እያንዳንዱ ካርድ የመነሻው ማማ በየትኛው ካሬ ላይ፣ ወደየትኛው አቅጣጫ ዞሮ እንደሚቆም፣ መድረሻውም የት እንደሚቀመጥ በሥዕል ያሳያል፤ ከዚያም ተጫዋቹ የትኞቹን ማማዎች መጨመር እንዳለበት ይነግረዋል። ማማዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ከተደራረቡ ባዶ ኩቦች የተሠሩ ናቸው። ብይዋ ከመነሻው አናት ስትለቀቅ በማማው ውስጥ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ዘንበል ያለ ወለል ስታገኝ በጎን ቀዳዳ ወጥታ ወደ ጎረቤቱ ማማ ትሻገራለች፤ እዚያም መውረዷን ትቀጥላለች፤ አቀማመጡ ትክክል ከሆነ በመጨረሻ መድረሻው ላይ ታርፋለች። ከተለቀቀች በኋላ እጅ አይነካትም። ካርዶቹ ከጀማሪ እስከ ባለሙያ በአራት የክብደት ደረጃዎች ተከፍለዋል። ጥያቄው የሚቀርበው በሥዕል ስለሆነ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አያትና እንግሊዝኛ የሚቀናው የልጅ ልጅ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን አንድ ካርድ መካከላቸው አስቀምጠው እኩል ሊያስቡ ይችላሉ፤ በስደት ላሉ ቤተሰቦች ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። መነሻውና መድረሻው ሁለት ካሬ ከያዙ በሰሌዳው ላይ 14 ባዶ ካሬዎች ይቀራሉ። ካርዱ የተለያዩ ሦስት ማማዎች እንድንጨምር ቢያዝዘን የመጀመሪያውን በ14፣ ሁለተኛውን በ13፣ ሦስተኛውን በ12 ቦታዎች ልናቆማቸው እንችላለን፤ እያንዳንዱ ማማ ደግሞ ወደ አራት አቅጣጫዎች ሊዞር ይችላል። ይህ ሁሉ ሲባዛ 139,776 የተለያዩ አቀማመጦች ይሰጠናል። አንዱን አቀማመጥ ለመሥራትና ብይ ለቅቆ ለመፈተን 10 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል ብንል እንኳ፣ ሁሉንም ለመሞከር ሳይበሉና ሳይተኙ ከ16 ቀን በላይ መቀመጥ ያስፈልጋል። የሚጨመሩት ማማዎች አምስት ሲሆኑ አቀማመጦቹ 246,005,760 ይደርሳሉ፤ በዚያው ፍጥነት 78 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሦስት ማማ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፣ አምስት ማማ ግን የሰው ዕድሜ ይጨርሳል። ልጆች ግን እንዲህ ያለውን ካርድ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይፈቱታል። ስለዚህ እንቆቅልሹን የሚፈታው በዘፈቀደ መሞከር ሊሆን አይችልም፤ ልጁ ሳያውቀውም ቢሆን አብዛኛዎቹን አቀማመጦች ሳይሞክራቸው እየጣላቸው ነው።

የሚጥላቸው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ትልቅ መጣያ ከመነሻው ማማ ራሱ ይገኛል። የመነሻው መውጫ ቀዳዳ የሚያየው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ማማ የሚቆምበት ካሬ ምርጫ የለውም። እዚያ የቆመው ማማም በተራው የራሱ መውጫ ስላለው ተከታዩን ካሬ ይወስናል። የሚጨመሩት ማማዎች ሁሉ በብይዋ መንገድ ላይ የሚገኙ ከሆነ፣ «ይህን ማማ ከ14 ካሬዎች የት ላቁመው?» የሚለው ጥያቄ ይጠፋና «ቀጥሎ የትኛው ማማ ይምጣ? ወደየትስ ይዙር?» የሚለው ብቻ ይቀራል። በሦስት ማማ ይህ ከ384 አይበልጥም፤ በአምስት ማማም ከ246 ሚሊዮኑ የሚቀረው 122,880 ብቻ ነው። መንገዱን ከመነሻው ተነስቶ ደረጃ በደረጃ መከተል ብቻውን ሥራውን ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ያቃልላል ማለት ነው። ማማዎቹን በሰሌዳው ላይ በትኖ «እስቲ ይሄ ቢሆንስ» የሚል ተጫዋች የሚደክመው ይህንን ስለማይጠቀምበት ነው።

ሁለተኛው መጣያ ከፍታ ነው። ብይ ወደ ላይ አትወጣም። ከፍታ የብይዋ ስንቅ ነው፤ መንገድ ላይ ታወጣዋለች እንጂ አትጨምረውም። ይህንን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ምሳሌው ለዚህ ማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ ከጨዋታው ካርዶች የተወሰደ አይደለም። የሰሌዳውን ዓምዶች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው፤ ረድፎቹን ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ1 እስከ 4 እንቁጠራቸው። እርከን የምንለው ከታች ወደ ላይ የሚቆጠረውን የማማውን ፎቅ ነው። መነሻው ሀ1 ላይ ቆሞ ብይዋን በሦስተኛው እርከን ወደ ምሥራቅ ያስወጣል። መድረሻው ሐ3 ላይ ሲሆን ብይዋን የሚቀበለው በመጀመሪያው እርከን ከምዕራብ በኩል ነው። የሚጨመሩት ማማዎች ሦስት ናቸው። ረጅሙ በሦስተኛው እርከን ተቀብሎ፣ ወደ ቀኝ አዙሮ፣ በሁለተኛው እርከን ያስወጣል። መካከለኛው በሁለተኛው እርከን ተቀብሎ፣ ቀጥ አድርጎ አሳልፎ፣ በመጀመሪያው እርከን ያስወጣል። አጭሩ በመጀመሪያው እርከን ተቀብሎ በዚያው እርከን ወደ ግራ ያዞራል። እያንዳንዱ ማማ አንድ መግቢያ ብቻ አለው እንበል።

አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ማማ መግቢያው ብይዋ ወደምትመጣበት ጎን ካልዞረ አይቀበላትም፤ ስለዚህ የመዞር ምርጫውም ይጠፋል። ከ384ቱ የቀሩት እንግዲህ የሦስቱ ማማዎች ቅደም ተከተሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ስድስት ናቸው። መነሻው ብይዋን በሦስተኛው እርከን ስለሚለቅቃት ለ1 ላይ ሊቀበላት የሚችለው ረጅሙ ብቻ ነው። ረጅሙ በሁለተኛው እርከን ስለሚያስወጣት ተከታዩ መካከለኛው ካልሆነ ብይዋ አጭሩን በላዩ ዘልላ ሰሌዳው ላይ ትወድቃለች። አጭሩ የመጨረሻ ይሆናል። አሁን መንገዱን በጣት እንከተለው፤ ብይዋ ወደ ምሥራቅ ሄዳ ለ1 ትገባለች፤ ወደ ቀኝ ዞራ በደቡብ በኩል ለ2 ትደርሳለች፤ ቀጥ ብላ ለ3 ትገባለች፤ ወደ ደቡብ ስትሄድ ግራዋ ምሥራቅ ስለሆነ አጭሩ ወደ ሐ3 ያዞራታል። መድረሻውም እዚያ ሆኖ፣ አፉን ወደ ምዕራብ ከፍቶ ይጠብቃታል። 139,776 የነበረው ወደ 384፣ ከዚያ ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 1 ወርዷል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንድም ማማ ሰሌዳው ላይ አልቆመም።

ሦስተኛ ዘዴ አለ፤ ይህኛው አዋቂዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ስለሆነ ልጅ ሲያሳያቸው ይደነግጣሉ። ሰሌዳውን በሐሳባችን እንደ ዳማ ሰሌዳ በጥቁርና ነጭ እንቀባው። ብይዋ ከአንድ ማማ ወደ ጎረቤቱ በተሻገረች ቁጥር የካሬው ቀለም ይቀየራል። ስለዚህ መነሻውና መድረሻው አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ የመሻገሪያዎቹ ቁጥር ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ቀለማቸው ከተለያየ ኢ-ተጋማሽ ይሆናል። በምሳሌያችን ሀ1 እና ሐ3 አንድ ቀለም ናቸው፤ ሦስት ማማ መካከል ላይ ሲገባ ደግሞ መሻገሪያው አራት ነው፤ ይስማማል። ካርዱ አራት ማማ ጨምሩ ቢለን ኖሮ መሻገሪያው አምስት በሆነና ባልተስማማ ነበር። አለመስማማቱ ካርዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ብይዋ በአንዱ ማማ ውስጥ ሁለት ጊዜ በተለያየ እርከን ታልፋለች፣ ወይም ከማማዎቹ አንዱ ከመንገዱ ውጭ ለማሳሳት ብቻ የቆመ ነው የሚል ምልክት ይሰጠናል። እንዲህ ያለ ምልክት ገና ከመጀመሪያው መገኘቱ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከዚህ በኋላ ስለ ክብደት የተባለውን መረዳት ይቀላል። ከላይ ያለው ምሳሌ ቀላል የሆነው ማማዎቹ ሦስት ስለሆኑ ሳይሆን፣ የተሳሳተ ምርጫ ወዲያውኑ ራሱን ስለሚያጋልጥ ነው፤ አጭሩን ለ1 ላይ ያቆመ ሰው ብይዋ እንደማትገባ በዚያው ቅጽበት ያያል። አሁን ግን በሦስተኛው እርከን የሚቀበልና በሁለተኛው የሚያስወጣ፣ ነገር ግን በማዞር ፋንታ ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ ሌላ ማማ እንጨምር። ለ1 ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። ተሳስተን ቀጥ የሚያሳልፈውን ብናቆም ብይዋ በደንብ ትገባለች፣ በደንብ ትወጣለች፣ ሁለተኛውም ማማ ይቀበላታል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ፤ ብይዋ መ1 ላይ ወደ ሰሜን ዞራ ከሰሌዳው መውጣቷ፣ መድረሻውም ርቆ መቅረቱ የሚታየው በመጨረሻው መሻገሪያ ላይ ነው። ስህተቱ የተሠራው በመጀመሪያው እርምጃ ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ የሚጠራጠረው የመጨረሻውን ነው፤ የመጨረሻውን ማማ ደጋግሞ ያዞረዋል፣ አውጥቶ ይመልሰዋል፣ በመጨረሻም ካርዱ የማይፈታ ነው ይላል። የባለሙያ ደረጃ ካርዶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማማ መጨመር ብቻውን እንቆቅልሽን ያረዝመዋል እንጂ አያከብደውም፤ የሚያከብደው የተሳሳተው መንገድ ለረጅም ጊዜ ትክክለኛ መምሰሉ ነው።

ለዚህ ነው ከመድረሻው ወደ ኋላ ማሰብ የሚጠቅመው። በምሳሌያችን መድረሻው ከምዕራብ ብቻ ስለሚቀበል የመጨረሻው ማማ ለ3 ላይ መቆም እንዳለበት ከመነሻው ምንም ሳናውቅ እንረዳለን። ከሁለቱም ጫፍ ተነስቶ መሀል ላይ መገናኘት፣ የመጀመሪያውን እርምጃ ስህተት በአራተኛው ሳይሆን በሁለተኛው እርምጃ ላይ እንድናገኘው ያደርጋል። በጸሐፊው አስተያየት ጨዋታው የሚያስተምረው አንድ ነገር ካለ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ሌሎቹን የብይ ጨዋታዎች ብንመለከት ልዩነታቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ብይን በተጠላለፈ መንገድ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ክራንደል ሣጥን እያዘነበሉ ትናንሽ ብዮችን ወደ መሀል የሚያስገቡበትን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲያወጣ አገሩን እብድ አድርጎት ነበር። የስዊድኑ ብሪዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚሠራው ላቢሪንት የተባለው የእንጨት ሣጥን ደግሞ ሁለት መዘውሮች አሉት፤ በአንዱ ሰሌዳው ወደ ጎን፣ በሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘነብላል፤ ተጫዋቹ ብይዋን በቀዳዳዎች መካከል ያሳልፋታል። እዚህ መንገዱ ሰሌዳው ላይ በመስመር ተሥሏል፤ የሚፈለግ ነገር የለም። ስህተትም ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ብይዋ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ላቢሪንት ከባድ ቢሆንም ክብደቱ የእጅ እንጂ የአመክንዮ አይደለም፤ ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «የማሰብ ጨዋታ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው።

ስህተት ቶሎ የሚታወቅበትን ጨዋታ ማሽን እንኳ በፍጥነት ይማረዋል። በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረጉት ሳይበርራነር የተባለ ሮቦት ሁለት ሞተሮችና አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ፣ ከ6 ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ልምምድ የላቢሪንቱን መንገድ በ14.48 ሰከንድ ጨርሶ በሰው ተመዝግቦ የነበረውን ፈጣን ሰዓት አሻሽሏል። ሮቦቱ በመማር ላይ ሳለ የመንገዱን ከፊል ዘልሎ የሚያልፍባቸውን አቋራጮች ራሱ አግኝቶ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም አቋራጭ እንዳይጠቀም በግልጽ መከልከል ነበረባቸው። ከልጆች ጋር የብይ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህ አያስደንቀውም።

በተቃራኒው ጫፍ የሚገኘው ቱሪንግ ተምብል ነው። ፖል ቦስዌል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቀው ይህ ጨዋታ የተሰየመው በኮምፒውተር ሳይንስ አባትነት በሚታወቀው በአለን ቱሪንግ ስም ሲሆን፣ አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ዲጂ-ኮምፕ 2 የብይ ኮምፒውተር ጋር ይዛመዳል። ሰሌዳው ዘንበል ብሎ የቆመ ነው፤ ብዮቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ አንዷ ታች ስትደርስ መግፊያውን ነክታ ሌላዋን ትጠራለች። ከቁራጮቹ ውስጥ ዋናው «ቢት» የሚባለው ሲሆን ብይ በነካው ቁጥር ይገለበጣል፤ አንዷን ወደ ግራ ከላከ ቀጣይዋን ወደ ቀኝ ይልካል። ሦስት ቢቶችን ተከታትለው እንዲቆሙ አድርገን፣ ከ0 ወደ 1 የተገለበጠ ቢት ብይዋን ወደ ውጭ እንዲያሳልፍ፣ ከ1 ወደ 0 የተገለበጠ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ቢት እንዲልካት ብናስተካክል፣ ሰሌዳው በሁለትዮሽ ቁጥር መቁጠር ይጀምራል። አምስት ብዮች ካለፉ በኋላ ቢቶቹ 101 ያሳያሉ፤ ያም 5 ማለት ነው። ስምንተኛዋ ስታልፍ ሁሉም ወደ 000 ይመለሳሉ።

እዚህ ስህተቱና መታወቂያው በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይራራቃሉ። በግራቪቲ ሜዝ ማማው ከብይዋ በፊትም ከብይዋ በኋላም ያው ነው፤ በቱሪንግ ተምብል ግን ሰባተኛዋ ብይ የምታገኘው ሰሌዳ ስድስቱ ቀድመዋት ያለፉት የተዉላትን ነው። አንድ ቢት በተሳሳተ አቅጣጫ ቢጀምር የመጀመሪያዎቹ ብዮች ያለ ችግር ሊያልፉና ጉዳቱ ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያሳድዱት እንዲህ ያለውን ስህተት ስለሆነ፣ ጨዋታው ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ስክሪን ወደ ኮምፒውተር አሠራር ያስገባል መባሉ የማስታወቂያ ቃል ብቻ አይደለም። ለጀማሪ ቤተሰብ ግን በማማዎቹ መጀመር ይሻላል።

ስለ ፊዚክሱ ጥቂት እንበል፤ ብዙ የሚባል የለም፣ ምክንያቱም ጥሩ የማማ እንቆቅልሽ ፊዚክሱ እንዳይታይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራው ለስላሳ የነሐስ ኳስ በተዘነበለ ቦይ ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን በሚፈስ ውኃ እየለካ፣ የተጓዘችው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር አብሮ እንደሚያድግ ገልጿል። የምትንከባለል ድፍን ብይ ከእንቅስቃሴ ጉልበቷ 5/7ኛው ወደ ፊት ሲወስዳት 2/7ኛው ራሷን ያሽከረክራታል፤ ይህ ድርሻ በብይዋ ትልቅነትም በክብደቷም አይለወጥም፤ ስለዚህ በዚያው ዘንበል ላይ ትልቋም ትንሿም እኩል ይፈጥናሉ። ማማዎቹ አጭር ስለሆኑና ብይዋ በየማማው ወለል ላይ ጉልበቷን ስለምታጣ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትወስደው ፍጥነት ብዙም የለም። ያለ ዕድል፣ ያለ እጅ ችሎታ፣ ተመሳሳይ አቀማመጥ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ አመክንዮ ሊሠራ የሚችለው ውጤቱ እንዲህ የማይወላውል ሲሆን ነው። አቀማመጡ ትክክል ሆኖ ብይዋ መሀል ላይ ከቆመች የሚመረመሩት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ጠረጴዛው ተዘንብሎ እንደሆነና ማማው ካሬው ውስጥ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ እንደሆነ።

ስለ ጥቅሙ የሚነገረው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቦታንና ቅርጽን በአእምሮ የማዞር ችሎታ በልምምድ እንደሚሻሻል በቂ ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና 217 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ስልጠናው ውጤት እንዳለው፣ ውጤቱም ወዲያው እንደማይጠፋ አሳይቷል። ከዚህ ተነስቶ አንድ ሳጥን የልጁን የሒሳብ ውጤት ያሳድጋል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ተስፋ ከማስረጃው ቀድሞ የሚሮጥበት ጊዜ ይበዛል። ጨዋታውን ለመግዛት ልጁ መደሰቱ በቂ ምክንያት ነው።

ወላጅ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ በመርዳት ነው። ልጅ ሲጨነቅ አይቶ ማማውን አንስቶ ማዞር ፈተናውን ይሰርቀዋል። ዝም ማለትም ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ስህተቱ ከመጀመሪያው እርምጃ የመጣ ሲሆን ልጁ የመጨረሻውን ማማ ለግማሽ ሰዓት ሲያዞር ማየት ትዕግሥትን አያስተምርም፣ ያሰለቻል እንጂ። የሚሻለው ስህተቱን ወደ ዓይኑ የሚያቀርብ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «እዚህ ስትደርስ ስንት እርከን ቀርቷታል?»፣ «መድረሻው ከየት በኩል ነው የሚቀበላት?»፣ «መጨረሻ በእርግጠኝነት ያየሃት የት ነበር?» የሚሉት መፍትሔውን አይነግሩም፤ የት እንደሚፈለግ ግን ያሳያሉ። ሁለት ልጆች አብረው ሲጫወቱ አንዱ ከመነሻው፣ ሌላው ከመድረሻው እንዲጀምር ማድረግ ጠብንም ይቀንሳል። የካርዱን መፍትሔ መመልከት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉውን ሳይሆን አንዱን ማማ ብቻ አይቶ መመለስ ጨዋታውን ያቆየዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ መታለፍ የለበትም። ብይ በትናንሽ ልጆች ጉሮሮ ልትሰነቀር ትችላለች። የአሜሪካ ደንብ ስፋታቸው 44.4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ኳሶችን ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሠሩ መጫወቻዎች ውስጥ ይከለክላል፤ የተለመደችው የመስታወት ብይ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ብዮቹ ተቆጥረው ወጥተው ተቆጥረው ይገቡ።

ጨዋታው በአገር ውስጥ ሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ሲገኝም ርካሽ አይደለም። ብይ ግን በየሰፈሩ ሱቅ አለች፤ የቀረው ካርቶንና ማጣበቂያ ነው። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረው የካርቶን ቱቦ ለመስታወት ብይ በቂ ስፋት አለው። ቱቦዎቹን በአንድ፣ በሁለትና በሦስት እርከን ቁመት ቆርጦ፣ በየእርከኑ ለብይዋ የሚሰፋ ቀዳዳ በመቀስ አውጥቶ፣ ከውስጥ ወደ መውጫው ዘንበል ያለ የካርቶን ወለል መለጠፍ ነው። የእርከኑ ቁመት በሁሉም ቱቦ እኩል ካልሆነ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በማስመሪያ መለካት ግድ ነው። ሰሌዳው በወፍራም ካርቶን ላይ የተሠመሩ 16 ካሬዎች ናቸው።

የራስን እንቆቅልሽ መሥራት የሚጀመረው ከመልሱ ነው። ብይዋ ከመነሻ እስከ መድረሻ የምትሄድበትን አቀማመጥ አስቀድሞ አቁሞ፣ ሞክሮ፣ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ የቀሩትን ማማዎች ዝርዝር ከታች ጽፎ ማንሳት ነው። ከዚያ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ከመካከላቸው አንዱ ያልታሰበ ሁለተኛ መፍትሔ ካገኘ እንቆቅልሹ ልል ነው፤ ባልተፈለገው መንገድ ላይ አንድ የማይነሳ ማማ ሥሎ መዝጋት ይቻላል። በጣም ቀላል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንገዱን በማማ ከማርዘም ይልቅ ከትክክለኛው የመጀመሪያ ማማ ጋር በተመሳሳይ እርከን የሚቀበልና የሚያስወጣ፣ አቅጣጫው ብቻ የሚለይ አሳሳች ማማ ዝርዝሩ ውስጥ አብሮ መጻፍ ነው።